የራስጌው መስኮት

ብሬመን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለዓይናዲስ፣

የመድኃኔ ዓለም ቸርነት ከደጃችሁ አይራቅ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንሁም፤ ክብር ለእርሱ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ ለዘመድ ጥየቃ እዚህ የከረመች የአዘዞ ሴት ይዛልኝ ትመጣለች። እንደ ሁልጊዜው ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛውን ለእናቴ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ከዚያ ትራሷ ሥር ታድርገው። ይህኛው ያንቺ ነው፤ አታንብቢላት። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልኩን ስታነሺ ሁልጊዜ አጠገቧ ነሽ፤ አንድ ቃል ካመለጣት «ምን አለች?» እያለች ታስጨንቅሻለች።

ነገሩ የመስኮቷ ነው። ባለፈው ስንነጋገር ሳሏን ቆጠርሁት፤ አንድ ጊዜ ደውዬ እስክዘጋ አሥራ አራት ጊዜ ሳለች። ያ ከራስጌዋ ያለው የእንጨት መስኮት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ እንኳ ጣት የሚያሳልፍ ስንጥቅ ነበረው። እንደምታውቂው የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ውጭ በረዶ ሲወርድ አሮጊቶቹ በስስ ሹራብ ተቀምጠው ያዩታል፤ መጋረጃ እንኳ አይነቃነቅም። የሰው እናት እንዲህ ሞቋት እየኖረች የኔ እናት ንፋስ ስትጠጣ ታድራለች። ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ መስኮቱ ይቀየር። አራዳ ካሉት ሱቆች ምን ምን ዓይነት እንዳለ ዞረሽ ጠይቂልኝ፤ የማን ሥራ እንደሆነ፣ መስታወቱ ነጠላ ይሁን ድርብ፣ ዙሪያው ጎማ እንዳለው፣ ስንት ዓመት ዋስትና እንደሚሰጡበት። ሱቅ ውስጥ የሚሉሽን ብቻ አትመኚ፤ ያስገጠመ ሰው ቤት ሄደሽ እዪ። ወርድና ቁመቱንም ለክተሽ ላኪልኝ።

አሁንም ማታ ማታ እግሯን የምታጥቢያት አንቺ ነሽ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እህትሽ የትነበርሽ


ጎንደር፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም የትነበርሽ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤናሽ ያግኝሽ። ደብዳቤሽ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ደረሰኝ። እማሆይ ደህና ናቸው፤ ወረቀታቸውን ሦስት ጊዜ አስነብበውኝ ከትራሳቸው ሥር አድርገውታል።

መስኮቱ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአሥር፣ ወርዱ ዘጠና ነው። እንዳዘዝሽኝ ዞርሁ፤ ጫማዬ አለቀ። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው «ጽናት» የሚባል የአገር ውስጥ አሉሚኒየም ነው። ማክሰኝት አንድ እህል ነጋዴ ከሁለት ዓመት በፊት አስገጥሟል ሲሉኝ ተሳፍሬ ሄድሁ። ሚስቱ ሸጋ ሴት ናት፤ ምን ፈልገሽ ነው እንኳ ሳትለኝ አስገብታ አሳየችኝ። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲከፈት ይንጫጫል፣ እህል በተነፋ ቁጥርም ብናኙ አልጋዋ ላይ ያድራል። ሁለተኛው «ሁዋሊን» የቻይና ነው። ሲያዩት ያምራል፤ እጀታውን ብይዘው እጄ ላይ ቀረ። ባለሱቁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ትቼው ወጣሁ። ሦስተኛው «ዴንካር» የቱርክ ነው። ነጭ ፕላስቲክ ሆኖ ድርብ መስታወት አለው፣ ዙሪያውን በጥቁር ጎማ ተከብቧል። ዋስትናው አሥር ዓመት ነው። ባለሱቁ ስልኩን እያዘፈነ ከመስኮቱ ጀርባ አስቀመጠና ዘጋው፤ ዘፈኑ ድርግም አለ። በዚህ በጣም ይኮራል።

የኔን አሳብ ከጠየቅሽኝ ግን አራተኛ አለ። አናጢውን አያ ዋኘውን አምጥቼ አሳየሁት። እንጨቱ ጽድ ነው፣ የበሰበሰው የታችኛው ጣውላ ብቻ ነው ብሏል። ያን ጣውላ ቀይሮ ስንጥቁን ከደፈነው ለኛ ዕድሜ ይበቃል።

የእናታችንን እግር የማጥበው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? መስኮቱን ስለካ አይተውኝ ምን እንደሆነ ከነገርኋቸው ጀምሮ ለመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ መስኮት ልታስገባልኝ ነው» ይላሉ። ባለፈው እሑድ የማኅበር ጓደኞቻቸው መጥተው ሲጫወቱ እኔ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ጉልበታቸውን አሽ ነበር። አንዷ ወደኔ አየችና «ይህችስ?» አለች። «እሷማ አለች» አሉ እማሆይ። ይኸው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አልጋቸው ሥር ተኝቼ የተባለልኝ ነገር «አለች» ነው።

ወስነሽ ጻፊልኝ።

ዓይናዲስ


ብሬመን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓይናዲስ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለድካምሽ እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ፤ ማክሰኝት ድረስ መሄድሽን ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ነገርሁ።

ዴንካር ይሁን። የዘፈኑን ነገር ሳነብ ቆረጥሁ፤ ድምፅ ያላሳለፈ ንፋስ አያሳልፍም። አያ ዋኘውን አመስግኚልኝ፤ እንጨቱ ግን ማገዶ ይሁን። ይህን ያህል የምትከራከሪለት ከጽዱ ፍቅር የተነሣ አይመስለኝም። በዚያ ክፍል ውስጥ አንቺ ያላመጣሽው ነገር እንዲገባ አልወደድሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ቅር አይበልሽ። «እናታችን» ብለሽ ጽፈሻል። አክስትሽ ናት። እናትሽ ነፍሷን ይማርና መካነ ብርሃን ከተማ ስታርፍ፣ እናቴ ሄዳ በሰባት ዓመትሽ አምጥታ አሳደገችሽ፤ እኔም አልጋዬን አካፈልሁሽ። ይህን ትክጃለሽ ማለቴ አይደለም፤ ግን ቃሉን ሳየው አንድ ነገር ከእጄ የወሰድሽብኝ መሰለኝ። በቀን አሥራ አንድ አሮጊት አጥባለሁ፣ ዓይናዲስ። ጀርባቸውን አሻለሁ፣ ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ፣ ስሜን አስተካክለው መጥራት እንኳ አይችሉም። እኔ የሰው እናት ሳጥብ አንቺ የኔን ታጥቢያለሽ። አንዳንድ ቀን ይህን ሳስበው እጄ ውኃው ውስጥ ይቀራል።

ከጥምቀት በፊት ይገጠምልኝ።

የትነበርሽ


ጎንደር፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የትነበርሽ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

መስኮቱ ጥር 8 ቀን ተገጥሟል። ዴንካር ነው፣ ድርብ መስታወት፣ እንደታዘዘው። ገጣሚዎቹ አራት ሰዓት ገብተው ዘጠኝ ሰዓት ጨረሱ። እኔ መሰላል ያዝሁ፣ ፍርስራሹን ጠረግሁ።

ለጥምቀት የመጣው እንግዳ ሁሉ ገብቶ አየው። ጎረቤታችን ታየች በጣቷ እያንኳኳች ስትመረምር ዋለች፤ ለማርያም ማኅበር የሷም ቤት መስኮት ይቀየራል አሉ። እማሆይ ተቀምጠው አስተናገዱ። ሰው ሲወጣ እጃቸውን ዘርግተው የመረቁሽን ልጻፍልሽ፤ ምርቃት መስረቅ ኃጢአት ነው። «ልጄ የትነበርሽ፣ ብርዴን እንዳራቅሽልኝ ብርድሽን ያርቅልሽ። በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። የነካሽው ይባረክ። ዓይኔ ሳይከደን ዓይንሽን ያሳየኝ።» እኔ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አሜን አልሁ።

አንቺ «አንቺ» ትያታለሽ፣ እኔ «እርስዎ» እላቸዋለሁ። ከአንድ ሰሐን በልተን አድገን ይህ ልዩነት አለን። ስለዚህ ከእንግዲህ «እናትሽ» እላለሁ፤ እንዳልሽው ይሁን።

እንጨቱን አልፈለጥሁትም። ማድ ቤቱ ጀርባ ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ ንፋስ የለም። ሳላቸውም ቀንሷል። ከውጭ ምንም አይገባም።

ዓይናዲስ


ብሬመን፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓይናዲስ እህቴ፣

እግዚአብሔር በቸር ያውልሽ። ወይዘሮ ብለሽ ስትጽፊልኝ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስሁ፣ ምርቃቱ ላይ ስደርስ ግን ሁሉንም ረሳሁት። ገልብጬ የልብስ ቁም ሣጥኔ በር ላይ ለጠፍሁት። ጠዋት ጠዋት ስለብስ አነበዋለሁ።

እስቲ ንገሪኝ፤ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው? ስለ መስኮቱ ምን ትላለች? ስሜን ታነሣለች? ፎቶም አንሺልኝ፤ መስኮቱ ከኋላዋ ሆኖ እሷ ፊቷን ወዳንቺ ሳይሆን ወደ ስልኩ አድርጋ። ይህን ስጠይቅ እንዴት እንደምመስል አውቃለሁ። ቢሆንም ጠየቅሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ዛሬ ገና አጠገቧ የቆምሁ መሰለኝ፤ አትንፈጊኝ።

ጾሙ ሊገባ ነው። ከአልጋ ውላ እንኳ እንደማትተወው አውቃለሁ። አደራሽን።

የትነበርሽ


ብሬመን፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይናዲስ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም፤ ይቅር በይኝ።

ፎቶው የለ፣ ደብዳቤ የለ። አራት ጊዜ ደወልሁ። በአራተኛው ታየች ስልክሽን አነሣችና «ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል» አለችኝ። ምን እንዳመማት ብጠይቅ «ዓይናዲስ ትንገርሽ» ብላ ዘጋች። ጎረቤት የሚያውቀውን እኔ ሳላውቅ ልሙት?

ምን በላች? ምን ሰጠሻት? ሳሉ ቀንሷል ብለሽኝ አልነበረም? ለኔ ካልሆነም ለሷ ብለሽ ጻፊልኝ።

የትነበርሽ


ጎንደር፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ የትነበርሽ፣

በሥላሴ ስም ጀመርሁ፤ ሰላምታ የማስረዝምበት ፊት የለኝም። እማሆይ በሕይወት አሉ፣ እየበረቱም ነው። ይህን አስቀድሜ ነገርሁሽ፤ የቀረውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

እናትሽ በዐቢይ ጾም የሚቀምሱት ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ ሰዓታቸው የመድኃኔ ዓለም ደወል ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲደወል ያማትባሉ፣ እኔም ምግባቸውን አቀርባለሁ። በእንጨቱ መስኮት ደወሉ ብቻ ሳይሆን የዲያቆኑ ሳል ሳይቀር ይሰማ ነበር።

ጾሙ በገባበት ሰኞ ግቢ ማድ ቤት ሆኜ ደወሉን ሰማሁ። ሽሮውን ይዤ ስገባ «ምነው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ?» አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ያንቺ መስኮት ደወሉን ውጭ አስቀርቶታል። ወጥቷል ማለት ነበረብኝ። «ደወሉን ሰማሽ?» ሲሉኝ «አልሰማሁም» አልሁ።

ለምን እንደዋሸሁ ራሴን ለማስዋብ አልሞክርም። ቀንቼ ነው። እማሆይ በገዛ አፋቸው መስኮትሽን ሲነቅፉ መስማት ፈለግሁ። «ይህ ነገር ጆሮዬን ደፈነው፣ የድሮዬን መልሺልኝ» ይበሉኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ሽሮውን አቀርባለሁ ብዬ ነበር። «መስኮቱን ልክፈተው?» አልኋቸው። «ተዪው፤ ልጄ ብርድ እንዳይነካኝ ብላ ያስገባችው ነው» አሉ። ሽሮውን መልሼ ወጣሁ።

ማክሰኞም እንዲያው። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ደወሉ ሲደወል ማድ ቤት ቆሜ እሰማለሁ፣ ገብቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ እሳቸውም ዝም ይላሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ይተኛሉ። በየቀኑ ዛሬስ ይሉታል እያልሁ እጠብቅ ነበር። ዓርብ ዕለት ለሽንት ላነሣቸው ስል እጄ ላይ ተዝለፈለፉ። ታየች ባጃጅ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ድርቀት ነው፣ ስኳራቸውም ወርዷል አለ፤ ሦስት ቀን ጉሉኮስ ተሰቅሎላቸው ቆዩ።

ለንስሐ አባታችን ለአባ ገብረ ኪዳን ሁሉንም ተናዘዝሁ። ለእማሆይም እንድነግራቸው አዘዙኝ። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ነገርኋቸው። ብዙ አላሰቡም። «አውቅ ነበር» አሉኝ። «በልጄ መስታወት ፀሐይዋ ትገባለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከወለሉ ተነሥታ ሣጥኑ ላይ ትወጣለች። ደወሉ ቢጠፋኝ ሰዓቱ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?» አልሁ።

«ክፈቺው ብል የትነበርሽ ትቀየማለች። ዋሸሽ ብል አንቺ ትቀየሚያለሽ። ከሁለታችሁ ኩርፊያ ረኃቡ ይቀለኛል።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እኔ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ።

አባ ገብረ ኪዳን ስግደት ሰጡኝ፤ ደግሞም ይህን በገዛ እጄ እንድጽፍልሽ አዘዙኝ። ስግደቱን ጨረስሁ። ይህን ደብዳቤ ግን አራት ጊዜ ቀደድሁት፤ የዘገየሁትም ለዚህ ነው። እማሆይ እስከ ደብረ ዘይት ከጾሙ ተፈትተዋል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምሁ ብለው አባን እሺ አሰኝተዋል። አሁን መስኮቱን ስከፍተው ንፋሱ ቀጥ ብሎ ደረታቸው ላይ ይወርዳል፤ ስዘጋው ደወሉ የለም። እኔ ሮጬ ገብቼ ወጥቷል እላለሁ፤ ቃሌን ይቀበሉኛል፣ ግን ከአፌ ሲሰሙት አያማትቡም። እንጨቱ አለ። አያ ዋኘውም በአንድ ቀን እመልሰዋለሁ ብሏል። ላውጣው ወይ? ፍርዱን ላንቺ ሰጠሁ።

የበደለችሽ ዓይናዲስ


ብሬመን፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓይናዲስ፣

ደብዳቤሽን የሆስፒታል ነርስ የሆነ ያገራችን ልጅ አምጥቶ ሰጠኝ። አንብቤ ስጨርስ በመጀመሪያ የጻፍሁልሽን ብታዪው ዳግመኛ አትጽፊልኝም ነበር። ቀደድሁት። የኔን እናት አስርበሻል። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ከእንግዲህ አላነሣውም።

አሁን የኔን ስሚ። ባለፈው ሐምሌ ትኩሳት ይዟት የነበረ ጊዜ ደውዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርገሽልኝ ወጣሽ። «እማዬ» አልኋት። «ዓይናዲስ፣ ውኃ» አለችኝ። «እኔ ነኝ፣ የትነበርሽ ነኝ» አልሁ። «የትነበርሽማ ሩቅ ናት» አለች። ይህን ለማንም አልነገርሁም። መስኮቱን ያሰብሁት ያን ቀን ነው። ሳሉ እውነት ነው፣ ብርዱም እውነት ነው፤ ግን ከሁሉ በፊት አንቺ ስትተኚ የማይተኛ፣ ቀንም ሌሊትም ከራስጌዋ የማይጠፋ የኔ የሆነ ነገር ፈለግሁ። ያንቺን ቦታ መውሰድ ስላልቻልሁ መስኮቱን ወሰድሁ።

ከዚህ የባሰ አለ። ዘፈኑ ድርግም አለ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አንብቤ ደስ አለኝ እንጂ የደወሉ ነገር ትዝ አላለኝም። በዚያ ክፍል ተወልጄ፣ በዚያ ደወል ነቅቼ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ረሳሁት። አንቺ አልረሳሽም። የምቀናብሽ በዚህ ነው፤ እግር በማጠቡ እንኳ ይህን ያህል አልቀናሁም።

እንጨቱን አትመልሺው፣ ፀሐይዋን ይከለክላታል። ይልቅ አሁን የምነግርሽን አድርጊ። መስኮቱን ግጥም አድርገሽ ዝጊው። ከዚያ እጀታውን ወደ ጎን ሳይሆን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አዙሪና ሳቢው። ከታች እንደተያዘ ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ጋደል ይላል። አትደንግጪ፣ አይወድቅም። ንፋሱ ወደ ጣሪያው ይሄዳል እንጂ ደረቷ ላይ አይወርድም። እኔ እዚህ በየቀኑ ሠላሳ መስኮት እንዲያ እከፍታለሁ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ አልነገርሁሽም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ያን እጀታ አዙሪልኝ። ከዚህ ሆኜ ላዞረው አልችልም።

የእናታችን ልጅ፣ የትነበርሽ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም የትነበርሽ፣

የሕማማቱን ሳምንት በሰላም አሳልፎ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስሽ። ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ። የመጨረሻውን መስመር፣ «የእናታችን ልጅ» ያልሽውን፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ የጻፍሽው በቁጣ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ።

ትናንት እጀታውን ወደ ላይ አዞርሁት። ተሰበረ ብዬ በሁለት እጄ ደገፍሁት፤ እንዳልሽው ጋደል ብሎ ቆመ። እውነቱን ልንገርሽና ገጣሚው ያን ዕለት እያዞረ ያሳየኝ ይመስለኛል። እኔ ያን ቀን ሰው መስኮትሽን ሲያደንቅ ከመስማት በቀር ምንም አልሰማሁም ነበር።

ፀሐይዋ ሣጥኑ ላይ ስትወጣ ደወሉ ገባ። እንደ ድሮው ጮኾ አይደለም፤ ከላይ በኩል፣ ለስለስ ብሎ። እማሆይ አማተቡ። ሽሮውን አቀረብሁ፣ ጨርሰው በሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «መስኮት ያስገባችልኝንም መስኮት የከፈተችልኝንም ልጆቼን ይባርክልኝ፤ የትነበርሽንም ዓይናዲስንም» አሉ። ልጆቼ ነው ያሉት፤ ሦስት ጊዜ በልቤ ደገምሁት።

ያንቺን ስም ግን አስቀድመው ጠሩ። አንጀቴ ቅጥል አለ፣ እታለም። ከእንግዲህ አንዋሽም ብዬ ነው የጻፍሁልሽ።

ዓይናዲስ